ለጋሼ ወርቅነህ ያየሁላቸው ፊልም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ይሄን ደብተር የገዛሁት ለሥራ ነበር። ኤጀንሲው «የምታየውን ሁሉ ጻፍ» አለኝ። ለካ እነሱ የሚፈልጉት በራሳቸው የእንግሊዝኛ ፎርም ላይ ነው። ደብተሩ ለእኔ ቀረ፤ ይሁን።

ሥራዬ አረጋዊ መንከባከብ ነው። ጋሼ ወርቅነህ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በጉብዝናቸው የአሰብ መስመር ሹፌር ነበሩ። ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ሰው አይለዩም። ልጃቸው ማራናታ እዚህ በሰው አገር፣ የከተማው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትሠራለች፤ ቤታቸውም እዚያው አጠገብ፣ ተማሪዎች በተከራዩአቸው ቤቶች መሀል ነው። ጠዋት እሷ ስትወጣ እኔ እገባለሁ። ቁርስ አቀርባለሁ፣ ሲታጠቡ አግዛለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ፊልም እናያለን። ፊልም ማየት ሥራ ሲሆን በዕድሜዬ ዛሬ አየሁ!

ማራናታ የኮሪያ ተከታታይ ፊልም ከፈተችልን። እናቷ በሕይወት እያሉ ጋሼ አብረዋቸው በአማርኛ የተተረጎመ ያዩ ነበር አሉ። ይሄኛው አማርኛ የለውም። «ሰብታይትሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ታነብለታለህ አይደል ጋሽ ጣሰው?» አለችኝ። «ምን ችግር አለው» አልኳት። ዓይኔ ትንንሽ ጽሑፍ ላይ ይደክማል እንጂ ችግር የለውም።

ርዕሱ ረጅም ነው፤ እኔ «የሰዓሊዎቹ ፊልም» እለዋለሁ። ጥንት፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚሠሩ ሰዓሊዎች ናቸው። አቤት እጅ! ናዝሬት ሃያ ሁለት ዓመት የሱቅ ማስታወቂያ ጽፌያለሁ፤ ሆቴል፣ ፀጉር ቤት፣ ጎሚስታ፣ የጥርስ ሐኪም፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ብሩሽ መያዝ የማይችል ተዋናይ እኔን አይሸውደኝም። እኔ ትንሿን ጣቴን ግድግዳ ላይ ሳላስደግፍ አንድ ፊደል ጽፌ አላውቅም። ይሄ ሀን የሚባለው ልጅ ግን ክንዱን አየር ላይ ለቆ መስመሩን ከላይ እስከ ታች ሳያቋርጥ ያወርደዋል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ምነው ዝም አልክ? ምን እያደረገ ነው?» አሉ ጋሼ።

ነገርኳቸው። ብሩሹን፣ ወረቀቱን፣ የልጁን ትንፋሽ አያያዝ። ፊታቸው ሲበራ አየሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

የኤጀንሲው ሱፐርቫይዘር መጣች። የዕለት ፎርሞቼን አገላብጣ አየችና «ቢዩቲፉል!» አለች። ማተሚያ ቤት የታተመ ይመስላል ብላ ለማራናታም አሳየቻት። የሌሎቹ ሠራተኞች ጽሑፍ አይነበብም አሉ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ፎርሙ ቀላል ነው። ሥልጠናው ላይ የተሞላ ናሙና ሰጥተውናል፤ አሠልጣኟ እያንዳንዱን መስመር አስረድታናለች። ጥሩ በሉ፣ ጥሩ ተኙ፣ አልወደቁም፣ ሕመም የለም። እሱን እያየሁ እጽፋለሁ፤ ስሙንና ቀኑን ብቻ እቀይራለሁ። ጋሼም በልተዋል፣ ተኝተዋል። ታዲያ ሌላ ምን ይጻፋል?

እሑድ፣ ጥቅምት 30

የቤት ተጋሪዬ ምንያህል የሚባል ልጅ ነው፤ ፍራንክሊንተን የሚባል ሰፈር አንድ ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሪከንባከር በሚባል የዕቃ መጋዘን ይሠራል። እኔም ዓመት ከሦስት ወር እዚያው ሠርቻለሁ። የወጣሁት ወገቤን አሞኝ ነው።

ዛሬ ሻወር የገባሁ መስሎት ስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «ጋሽ ጣሰው? ኧረ ወገቡን አይደለም! ፎርክሊፍት ላይ ፕሮሞት ሊያደርጉት ነበር። የጽሑፍ ፈተና አለ ሲሉት በሳምንቱ ክዊት አደረገ» ብሎ ሳቀ።

ምን አገባው! ወገቤን እሱ ነው የተሸከመው? የዕቃ ማንሻ መኪናው ፈተና አርባ ጥያቄ አለው፤ ማን ጊዜ አለው ለአርባ ጥያቄ። ወገቤም ታሞ ነበር።

እራት ላይ አላናገርኩትም። ሽሮውን የሠራው እሱ ነው፤ ሽሮውስ ጥሩ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ዛሬ ያየነውን መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

የንጉሡን መልክ የሚስሉት ተመረጡ። የሚስሉት ወረቀት ላይ አይደለም፤ በእንጨት ፍሬም ላይ በተወጠረ ስስ ሐር ላይ ነው። መጀመሪያ ከኋላ በኩል ቀለም ይቀቡታል፤ ቀለሙ በሐሩ ውስጥ አልፎ ወደ ፊት ይመጣል። ከዚያ በፊት ለፊት በኩል በቀጭን መስመር ይጨርሱታል። የንጉሡ ፊት ከውስጥ የሚበራ የሚመስለው ለዚያ ነው! እኔ መስታወት ላይ ከኋላ እየገለበጥኩ ስንት ፊደል ጽፌያለሁ፤ ፊትን እንዲህ መሥራት እንደሚቻል ግን አንድ ቀን እንኳ አልመጣልኝም። ጌቶች ናቸው። ሌላ ቃል የለኝም።

ጋሼ ቀለም ሲጠይቁ አያሳልፉም። «ቀይ ልብስ ለብሷል» ስላቸው «ምን ዓይነት ቀይ? የፍሬን መብራት ነው የበርበሬ?» ይላሉ። «የበርበሬ፣ የቆየ በርበሬ» ስል ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። እሳቸውን ማየት ከፊልሙ አያንስም። ሠላሳ አራት ዓመት በዳናክል ሙቀት ተሳቢ የነዳ ሰው አሁን ሶፋ ላይ ተቀምጦ የአንድ ብሩሽ ፀጉር ከምን እንደሆነ ይጨነቃል።

ቀለማቸው ደረቅ ጥቁር ነገር ነው፤ ድንጋይ ላይ በውሃ ይፈጫል። የሌሎቹን ወጣት ሰዓሊዎች ቀለም አሽከር ይፈጭላቸዋል። ሀን የራሱን ራሱ ይፈጫል፤ ሳያስበው ነው፣ እጁ ብቻውን ነው የሚሄደው። ሽማግሌው የሰዓሊዎቹ አለቃ ቆሞ ያንን እጅ አየ፤ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። ሀን ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን አለው?» አሉ ጋሼ፤ ክንዴን ይዘው።

«‹ይሄ እጅ የአባትህ እጅ ነው› አለው» አልኳቸው። «‹አንተ ከዙፋኑ የወረደው ንጉሥ ልጅ ነህ› አለው።»

«እኔ ጠርጥሬ ነበር!» ብለው አጨበጨቡ። «ልዑል ነው! አነጋገሩ ራሱ የልዑል ነው!»

ታዲያ እንደዚያ ካላለው ሌላ ምን ሊለው ይችላል? ሰው እንዲያ የሚደነግጠው ማንነቱ ሲታወቅበት ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ማራናታ ዛሬ እረፍት ናት። ላፕቶፗን ይዛ አጠገባችን ተቀመጠች። ባትቀመጥ ምን ነበረበት።

ጋሼ በኩራት «ልዑሉ ዛሬ ዙፋኑን ሳይጠይቅ አይቀርም» አሏት።

«የቱ ልዑል?»

«ሀን ነዋ!»

ቲቪውን አየት አደረገች። «ባባ፣ ሂ ኢዝ ኖት ኤ ፕሪንስ። ባሪያ ነው። ጌታው ቤት ቀለም ፈጪ ነበር። የጌታው ልጅ ሲሞት የሱን ስም ይዞ ነው የገባው። እዚያ ተጽፏል እኮ፣ አሁን ራሱ እያወሩት ነው።»

«ትርጉሙ እንደ ካምፓኒው ይለያያል» አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም።

«ሪሊ?» አለችና ልትቀጥል ስትል ስልኳ ጮኸ፤ ሚቲንግ ኖሮባት ተነስታ ገባች። ጋሼ «ቀጥል» አሉኝ። እኔም ቀጠልኩ፤ ድምፄ ግን እንደ ቅድሙ አልወጣልኝም።

አውቶቡስ ውስጥ ስለ ሀን ሳስብ መጣሁ። ልዑል ቢሆን ምኑ ይደንቃል? ለልዑል አስተማሪ ይቀጠርለታል። ባሪያ ሆኖ ነው እንጂ የሚደንቀው! በጓሮ እየተደበቀ፣ የሌላ ሰው ቀለም እየፈጨ የተማረ እጅ። ደግሞ ሁሉም ፊት ለፊቴ ነበር፤ ማዕድ ሲቀርብ መጨረሻ ላይ ነው የሚጀምረው፤ ሌሎቹ ሲቀመጡ እሱ ይቆማል። ከማንም በፊት እኔ ልለየው ይገባኝ ነበር። በተበደረው ስም ያን ሁሉ ዓይን መሀል መዋል ምን ዓይነት ልብ ይጠይቃል! ስሙን ቢጠሩት፣ አንድ ነገር አንብብ ቢሉት፣ በየደቂቃው ነው የሚሞተው። አደንቀዋለሁ፤ አሳዘነኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የጋሼ ቀዶ ጥገና ለኅዳር 23 ተቆረጠ። መጀመሪያ የቀኙ ዓይን።

በማግስቱ ማራናታ ለሥራ ቺካጎ ትሄዳለች፤ ስድስት ቀን። ቀኑ የማይቀየር ሆኖባት ተጨንቃለች። እኔ እዚያው አድራለሁ፤ ጠብታውን እኔ አደርጋለሁ። «ዶክተሩ ሁሉንም ወረቀት ላይ ይጽፈዋል። አንተ ደግሞ ኬርፉል ነህ ጋሽ ጣሰው፤ ፎርምህን አይቼዋለሁ እኮ» አለችኝ።

እንግዲህ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

የነቢያት ጾም ገባ። ጋሼ ጴንጤ ናቸው፤ ፊት ለፊቴ እንቁላል እየበሉ «ሽታውም ጾም ያስፈታል እንዴ?» ይሉኛል። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ የማስታምመው።

ፊልሙን ከመጀመሪያው እንድንጀምረው ጠየቁኝ። «ባሪያ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እንደገና ማየት አለብኝ» አሉ። ጀመርን። አሁን ቶሎ ቶሎ አልናገርም፤ ያየሁትን ብቻ እነግራቸዋለሁ። «የሚሉትስ?» ሲሉኝ ግን መልስ አላጣም። አለማጣቴን አንዳንዴ እጠላዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ተሠራ። ሃያ ደቂቃ ብቻ! ጉድ ነው ይሄ አገር። ዶክተሩ ሞራው የከረመ ስለሆነ ዓይኑ አብጧል፣ አጥርተው እስኪያዩ ሁለት ሳምንት ይታገሱ አለ። ነርሷ ወረቀት ሰጠችኝና ማብራሪያውን በእንግሊዝኛ እንደ ዝናብ አወረደችው። ማራናታ ከዶክተሩ ጋር ታወራለች። ነርሷ «ኦኬ?» አለችኝ። «ኦኬ።»

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

የማግስቱ ምርመራ እንዳለቀ ማራናታ ከክሊኒኩ በቀጥታ ኤርፖርት ሄደች። አባቷን አቅፋ አልለቅ አለች። እኔን «ወረቀቱ አንተ ጋ ነው አይደል?» አለችኝ። ኪሴን መታ መታ አድርጌ አሳየኋት።

ከፋርማሲ ሦስት ጠርሙስ አመጣሁ። አንዱ ሮዝ ክዳን፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ የአፈር መልክ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ስም አለ፤ ሁለቱ አጠገብ 4፣ አንዱ አጠገብ 1። ሮዙን ፊደል በፊደል ከወረቀቱ ጋር አመሳሰልኩት፤ ገጠመ፣ አራት ጊዜ ነው። ፊደል ማመሳሰል ድሮም እንጀራዬ ነው። የሁለቱ ግን አልገጥም አለ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ። አንዱ በቀን አራቴ፣ አንዱ በቀን አንዴ። የትኛው ነው?

ስልኬን ወረቀቱ ላይ ደቅኜ አስተረጎምኩት፤ ያወጣው አማርኛ ውሉ አልያዝ አለኝ። መድኃኒቶቹን እንዳለ በስማቸው ነው የተዋቸው።

ምንያህልን ልጠይቀው? «ወገቡን አይደለም» ያለውን ልጅ? አልጠይቀውም። ማራናታንስ? ምን ብዬ?

የግራጫው ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት አራቴ ከተባለው ጋር ይመሳሰላሉ። እሱ አራቴ ይሁን። የአፈር መልኩ አንዴ።

እጄ ግን አይንቀጠቀጥም። አንዲት ጠብታ፣ መሀል ላይ። ጋሼ «ሐኪም ነህ እኮ!» አሉኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

ጋሼ «ትንሽ ይቆጠቁጠኛል» አሉ። አዲስ ቁስል ነው፣ ይቆጠቁጣል። ፎርሙን ጻፍኩ፣ ፎቶ አንስቼ ለማራናታ ላክሁ። የአውራ ጣት ምልክት መለሰችልኝ።

ሕመም የለም ነው የሚለው። ናሙናው እንደዚያ ነው የሚለው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ነጩ ቀልቷል። ጠዋት ትንሽ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ባሰ።

ማራናታ በቪዲዮ ደወለች። ጋሼ ጥቁር መነጽራቸውን አደረጉና «እንደ አንበሳ ነኝ ልጄ!» አሏት። ስልኩ ሲዘጋ ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። «ልጅቷን ሥራ ላይ እንዳታስደነግጥብኝ» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። እሺ ማለት ቀለለኝ።

ፎርሙን ጻፍኩ። የዛሬው ከሁሉም ያምራል። ላክሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 28። ሆስፒታል

የጋሼን ዓይን እያከሙ ነው። ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

ጠዋት የዓይናቸው ሽፋን ላይ መግል ነበር። ጋሼ ግንባራቸውን ይዘው ተኝተዋል፤ «መብራቱም ጠፍቶብኛል» አሉ። ብርሃን ይለይ የነበረው ዓይን!

ወረቀቱን አወጣሁት። ከታች ሳጥን አለ፤ ወፍራም መስመር፣ ወፍራም ፊደል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት ሳጥን አስምሬያለሁ! ባለሱቅ ገንዘብ ጨምሮ ሳጥን አድርግልኝ የሚለው ማንም አይቶ እንዳያልፈው የሚፈልገውን ነገር ነው። አራት ቀን ሙሉ ያን ሳጥን እያየሁት አልፌዋለሁ። እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም። ፊደሉን አውቃለሁ፣ እጽፈዋለሁ፣ ከማንም አሳምሬ እጽፈዋለሁ፤ ምን እንደሚል ግን አላውቅም። ይሄው፣ እዚህ እንኳ ጽፌው አላውቅም ነበር።

ፎቶውን ልኬ ማራናታ ጋ ደወልኩ። ጋሼ እየሰሙ ነው።

«ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አንብቢልኝ» አልኳት።

«ጋሽ ጣሰው፣ ወረቀቱ አንተ ጋ ነው እኮ። ምን ሆነ?»

«ማንበብ አልችልም።»

«ዋት ዱ ዩ ሚን? መነጽርህን አጣኸው?»

«እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም ማራናታ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ መግል አለው፣ ያማቸዋል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ነው። ጠብታውንም በግምት ነው ያደረግኩት።»

«ፎርሙ ኖ ፔይን ይላል» አለች። «በየቀኑ ልከህልኛል። ኖ ፔይን ይላል!»

«ናሙናውን ነው የምገለብጠው።»

አልተሳደበችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሳጥኑን በአማርኛ ነገረችኝ፤ ሕመም፣ መቅላት፣ የብርሃን መቀነስ ካለ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ሂዱ ነው የሚለው። «አሁን ውሰደው። ናው!» ብላ ጮኸች። ምንያህልን ደወልኩለት። እንቅልፍ ላይ ነበር፤ በሸበጥ በአስር ደቂቃ ደረሰ። ለምን እንዳልጠየቅሁት እኔም አላወራሁ፣ እሱም አልጠየቀኝ።

መኪና ውስጥ ጋሼ ከኋላ አጠገቤ ናቸው። ብዙ ሄደን «ታዲያ ልዑሉስ?» አሉኝ።

«ከራሴ ነው ጋሼ።»

«ያ ሁሉ ንግግር?»

«ያየሁትን ሁሉ በትክክል ነው የነገርኩዎ። የሚናገሩትን ግን አላውቅም። ፈጥሬ ነው።»

«አሃ» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

እዚህ ስንደርስ ፎርም ሰጡኝ። እስክሪብቶው ጣቴ መሀል ገባ፤ ልማዱ ነው። መልሼ አስቀመጥኩት። «ኖ ሪድ» አልኳት ሴትዮዋን። «አማሪክ ፕሊስ።» አንድ ስክሪን እየገፋች አመጣች፤ ውስጡ አማርኛ የምትናገር ሴት አለች። መስመር በመስመር አነበበችልኝ፤ ካልገባኝ ደገመችልኝ። ዓመት ከሦስት ወር ሪከንባከር፣ አንድ ወር እዚህ፣ ይሄን ያህል ቀላል ነበር? አለቀስኩ። ሴትዮዋ «አይዞዎት ጋሼ፣ ቀስ ብለን እንሄዳለን» አለችኝ።

ጀርም ገብቷል። ለካ አንድ መድኃኒት ሁለት ስም ይኖረዋል፤ አራቴ ማድረግ የነበረብኝ የአፈር መልኩን ነው፤ ጀርም የሚከላከለው እሱ ነው። ዓይናቸው ውስጥ መርፌ ሰጧቸው። ይተርፍ አይተርፍ ነገ ነው የሚታወቀው።

አምላኬ፣ የኔን ውሰድ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1

ተርፏል። ዶክተሩ አንድ ቀን ብትዘገዩ አልቆለት ነበር አለ። ምን ያህል እንደሚያዩ ግን ጊዜ ይፈጃል፤ ከዕለት ወደ ዕለት ነው።

ማራናታ በመጀመሪያው አውሮፕላን ነበር የመጣችው። ዛሬ ኮሪደሩ ላይ አነጋገረችኝ። «ዳዲን ልታሳውረው ነበር» አለች። «አለማንበብህ አይደለም። አይ ዶንት ኬር አባውት ዛት። እናቴም እንግሊዝኛ አታነብም ነበር። ያንን ቆንጆ ወረቀት እያየሁ እንቅልፌን ተኝቻለሁ። እሱን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።»

ልክ ናት። ጥሩ ልጅ ናት፤ አባቷን የምትወድበት አወዳደድ ያስቀናል። ኤጀንሲውን ራሴ ደውዬ ነገርኳቸው፤ አስተርጓሚ ጠይቄ። ባጄን መለስኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ሪከንባከር ተመልሻለሁ፤ ከኮንቴነር ካርቶን ማውረድ። ወገቤን አያመኝም። አሞኝም አያውቅም።

ለምንያህል «ስልክ ስታወራ ሰምቼህ ነበር» አልኩት። ቀላ። «ልክ ነበርክ» አልኩት። የፎርክሊፍቱን መጽሐፍ በምሳ ሰዓት አንድ አንድ ገጽ እያነበበ ያስረዳኛል። ትዕግሥት የለውም፤ «ኧረ ጋሽ ጣሴ፣ ትናንት ያልኩህ እኮ ነው!» ይለኛል። እሰድበዋለሁ፣ እንቀጥላለን።

የሰዓሊዎቹ ፊልም ሦስት ክፍል ይቀረዋል። ብቻዬን አላየውም። ሀንን ግን አስበዋለሁ። እሱ ስም ሲሰርቅ ያወጣው ሥራ ነው፤ የሐሩ ላይ ፊት ለዘመናት ይኖራል። የእኔ ሰው ሊያሳውር ነበር። እሱን ማድነቅ አልተውኩም፤ ራሴን ከሱ ጋር ማስተካከል ግን ትቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ማራናታ ቴክስት አደረገች፤ እያንዳንዱን ቃል በአማርኛ ፊደል ነው የጻፈችው። የቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ቀርቷል ትላለች። ሄጄ ልሰጣት አሰብኩ። በሩ ላይ አስቀምጬ ልሮጥም አስቤ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ራሷ ከፈተችልኝ። ቁልፉን ተቀበለችኝ። ደህና ነህ ወይ አለችኝ፤ ደህና ነኝ አልኳት። ከዚያ በላይ አላልንም። ልሄድ ዞር ስል ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ መጣ።

«ጋሽ ጣሰው ነው ባባ።»

«ይግባ» አሉ ጋሼ።

መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። መነጽር አላደረጉም። የቀኙ ዓይን ጥጉ ላይ አሁንም ደም የመሰለ ነገር አለው፤ ግን ይንቀሳቀሳል፣ ይፈልጋል። በሩ ጋ ቆምኩ።

«እዚያ ጥላ ነህ» አሉ። «ወደ ብርሃኑ ና።»

ሄድኩ። አንድ ክንድ ያህል ሲቀረኝ ቆምኩ። ከወር በላይ ልብሳቸውን አልብሻለሁ፣ እግራቸውን አጥቤያለሁ፣ ፊቴን ግን አይተውት አያውቁም። መሬት መሬት እያየሁ ቆምኩ።

«ሲዋሸኝ የከረመው ፊት ይሄ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እኔም ይቅር በሉኝ አላልኳቸውም። ማራናታ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። ውጭ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ያልፋሉ።

«ታዲያ መሬቱ ላይ ምን ጠፍቶብህ ነው?» አሉኝ ጋሼ ወርቅነህ። «ስንት ነገር ከፍዬበታለሁ በዚህ ዓይን። ቀና በል፣ ልይህ።»

ቀና አልኩ። ረጅም ጊዜ አዩኝ፤ እኔም ፊቴን አላዞርኩም።